ኦርጅናል ሌዘር

አጎቴ ሌዘር የሚፈትኑት በክብሪት ነው። አዲስ ጃኬት ለብሶ ቤታቸው የገባ ዘመድ፣ "በጤና ልበሰው" ከመባሉ በፊት የጃኬቱ ጠርዝ ይገለበጣል፣ ይታሻል፣ ይሸተታል፤ ቀጥሎ ክብሪት ይመጣል። ቆዳ ከሆነ ሲቃጠል የፀጉር ሽታ ይሸታል፤ ላስቲክ ከሆነ ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ሕጉ ይኸው ነው። በዚህ ሕግ የተነሳ በእኛ ቤተ ዘመድ ውስጥ ጫፉ ያልተለበለበ ጃኬት የለም። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ከዳንግላ መጥታ፣ እንጅባራ እኔ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ "ለሠርጌ ፀጉሬን በሌዘር ላስነሳ ነው" ስትል፣ አጎቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው "ኦርጅናል ነው?" ብለው መጠየቃቸው ከልማዳቸው የወጣ ነገር አልነበረም።

ልጅቱ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። ጥፋቱ ግን የአጎቴ ሳይሆን የአማርኛ ነው። ፈረንጆቹ ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሃል ብቅ አድርገው የሚለዩአቸውን ሁለት ቃላት እኛ በአንድ "ዘ" ጠቅልለን ጃኬቱንም ሌዘር፣ ጨረሩንም ሌዘር አልነው። አጎቴ ደግሞ ዛሬም ድረስ ከተማችንን ኮሶበር ብለው የሚጠሩ፣ ለአዲስ ስም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው።

"ፀጉር ከቆዳ ማንሳትማ የቆዳ ፋቂ ሥራ ነው" አሉ። "ኖራ ውስጥ ይነከራል፣ ይፋቃል፣ አለቀ።"

"አጎቴ፣ እኔ በሌዘር ልነሳ ነው እንጂ ሌዘር ልሆን አይደለም" አለች ልጅቱ።

ቦርሳዋን ከፍታ ዕቃውን አወጣችው። ከዱባይ የመጣች ጓደኛዋ ለሠርጓ ያበረከተችላት ነው። ነጭ፣ የፀጉር ማድረቂያ የሚመስል፣ አፉ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል መስታወት ያለው። ካርቶኑ ላይ ፀጉር የሚባል ነገር በእግሯ አጠገብ አልፎ የማያውቅ ፈረንጅ ተጋድማለች። ስሙን አነበብኩ፤ "አይ ፒ ኤል" ይላል። "ሌዘር የሚለው የታለ?" ስላት "ኧረ እትዬ፣ አይ ፒ ኤል የሌዘሩ ሞዴል ነው!" አለችኝ። እንደ ቶዮታና ኮሮላ መሆኑ ነው።

ከካርቶኑ ጎን ግን አንድ የሚያስተዛዝብ ነገር ታትሟል። ስድስት ትንንሽ ሳጥኖች፤ የመጀመሪያው የወተት ቀለም፣ ቀጥሎ የማር፣ እያለ እያለ የመጨረሻው በደንብ የተቆላ ቡና። የነጡት ላይ የ"ትክክል" ምልክት አለ፤ መጨረሻ ላይ ያሉት "ኤክስ" ተደርጎባቸዋል። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩት ወዲያው ገባቸው። ፈረሰኛ ናቸውና ቀለም መለየት ያውቁበታል። "አምባላዩን ይወዳል፣ ዳማውን እያጉረመረመ ይቀበላል፣ ጉራቻውን አላውቅህም ይላል" ብለው ተረጎሙት። ክንዳችንን ከሳጥኖቹ ጎን ደርድረን ተመዘንን። ልጅቱ ጠይም ናት። እኔ በወጣትነቴ ቀይ ዳማ እባል ነበር፤ አሁን ቀለሜን የሚጠራ ሰው ስለጠፋ እርግጠኛ አይደለሁም። አጎቴን ለመመዘን ሰባተኛ ሳጥን ያስፈልግ ነበር።

ልጅቱ ኤክሱን አላመነችበትም። ሶኬት ላይ ሰካችና ክንዷ ላይ ለጥፋ ተጫነችው። ዝም አለ። "መብራት ሄደ እንዴ?" አልኩ፤ በእኛ ቤት ዕቃ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው መብራት ነው። የጎረቤት ቴሌቪዥን ግን ይጮኻል። የእኔን ክንድ ሞከረች፤ ዝም። አጎቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዘረጉ፤ ዝም፤ እንዲያውም ለእሳቸው ቀይ መብራት አበራባቸው። በመጨረሻ ልጅቱ ተናዳ መዳፏ ላይ ብትጫነው ብልጭ! ቤቱ ሁሉ በራ፤ ድመቷ አልጋ ሥር ገባች። ደገመችው፤ ብልጭ! ለካ ዕቃው ቆዳ የሚያይ ዐይን አለው። የጠቆረ ሲያይ አልተኩስም ይላል፤ የነጣ ሲያገኝ ይተኩሳል። መዳፉ ላይ ፀጉር ያለው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

"ኦርጅናል አይደለም" አሉ አጎቴ፤ ክብሪታቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ነገሩ ከንክኖኝ ማታ ጎረቤታችን ወደሆነው የፊዚክስ መምህር ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ለተማሪ የተረፈው ትዕግሥት ለጎረቤትም ይተርፈዋል። "ሌዘርና አይ ፒ ኤል ምንና ምን ናቸው?" ብለው ጠመኔ ፍለጋ ዙሪያውን ማየት ጀመረ። ጠመኔ ሲያጣ በፈረስ አስረዳኝ።

"ጥር 23ን ያስቡት እትዬ" አለ። በዚያ ቀን በየዓመቱ የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ በዓላቸውን ያከብራሉ፤ ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። "አሁን በሐሳብዎ ከፈረሶቹ ውስጥ ዳማዎቹን ብቻ ይምረጡ። ሁሉም አንድ ቀለም፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፤ ኮቴያቸው ሁሉ እኩል የሚነሳ፣ እኩል የሚያርፍ። ሌዘር ማለት እንደዚያ የተሰለፈ ብርሃን ነው። አይ ፒ ኤል ደግሞ በዓሉ ሲያበቃ የሚበተነው ሕዝብ ነው፤ ፈረሰኛው፣ እግረኛው፣ ባጃጁ፣ ሽንኮራ ሻጩ፣ ሁሉም በየአቅጣጫው። ብርታቱ አያንስም። ሰልፍ ግን አይደለም።"

የብርሃን ቀለም የሚለካው በሞገዱ ርዝመት ነው፤ መለኪያው ናኖሜትር ይባላል፣ የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ። እያንዳንዱ ሌዘር የራሱ አንድ ቁጥር አለው። ሩቢ ከሚባለው ቀይ የከበረ ድንጋይ የሚወጣው 694 ነው። አሌክሳንድራይት 755፣ ዳዮድ አብዛኛውን ጊዜ 810 ገደማ፣ ኤንዲ ያግ የሚሉት ደግሞ 1064። አይ ፒ ኤል ቁጥሩን ሲጠየቅ "ከ500 እስከ 1200 ገደማ" ብሎ ነው የሚመልሰው። ዕድሜዋን ስትጠየቅ "በሃያና በሃምሳ መካከል" እንደምትል ሴት ነው። ፊቱ ላይ ማጣሪያ ይደረግለታል፤ ያ ማጣሪያ ወንፊት ነው፤ ደቃቁን ያስቀራል፣ ያለፈው ግን ያው ቅይጥ ነው።

መምህሩ ከፈረሱ ሲወርድ ወደ ታሪክ ገባ። አንስታይን ለዚህ ዓይነቱ ብርሃን የሚሆነውን ሐሳብ ያፈለቀው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ እውነተኛውን ሌዘር መጀመሪያ ያበራው ግን ቴዎዶር ማይማን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1960፣ ቦታውም ካሊፎርኒያ ነው። እንዴት አበራው? የሩቢ ዘንግ ወሰደ፤ ዙሪያውን በተጠማዘዘ የፎቶግራፍ ብልጭታ አምፖል ከበበውና አበራበት። እዚህ ላይ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ "አይ ፒ ኤል ውስጥ ያለው አምፖል የዚያው ዘር ነው።"

ስለዚህ ብልጭታው የሌዘር ሞዴል አይደለም፤ እናቱ ነው። በአገራችን እናት በልጇ ስም ትጠራለች፤ የእገሌ እናት ይባላል፣ ነውር የለበትም። አይ ፒ ኤል "የሌዘር እናት" ነኝ ብትል ማንም አይከሳትም። ልጇን ነኝ ብላ ስትመጣ ነው ችግሩ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ እንዲሉ፣ ሻጮቹ ሁሉንም ብርሃን በአንድ ስም ይደግፉታል። ዳንግላ ውስጥ የጥፍር ቀለም የሚያደርቀውን ሰማያዊ መብራት "ሌዘር ነው" ብላ ያስተዋወቀችኝ የፀጉር ቤት ልጅ አለች። ፊት ላይ የሚደረገውን ቀይ የመብራት ጭንብልም እንዲሁ። ያ ተራ ትንንሽ አምፖል ነው፤ እንኳን ፀጉር ቅቤም አያቀልጥ።

በእርግጥ እውነተኛ ሌዘር ሆኖም ፀጉር የማያነሳ አለ። ይህን ስሰማ ለሁለት ቀን ብቻዬን ስቄያለሁ። ቡዳፔስት ውስጥ እንድሬ መሽተር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርባቸው የተላጨ አይጦችን በደካማ ሌዘር ቢያበራባቸው፣ ፀጉራቸው ከሌሎቹ ቀድሞ በቀለ። ዛሬ በዚያው መንገድ ለራሰ በራ የሚሸጥ የሌዘር ማበጠሪያ አለ። እንግዲህ "ኦርጅናል ሌዘር ነው" የሚለው ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ኦርጅናል ሆኖ ጢም ሊያበቅልብን ይችላል። ፀጉር ለማንሳት የሚተኮሰው ብርቱው ሌዘር ራሱ፣ ብልጭታውም ጭምር፣ አንዳንድ ሰው ፊት ላይ የነበረውን ፀጉር አብዝቶ ያውቃል።

የሚያነሳው እንዴት እንደሚያነሳ ለአዊ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ከሰል እናውቃለን። ፋግታ ለኮማና ባንጃ ውስጥ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ከምሮ፣ በአፈር ሸፍኖ ያከስላል። ጥበቡ ሁሉ እሳቱን ክምሩ ውስጥ ማስቀረት ነው፤ ወጥቶ ጎረቤት ከነካ ከሰልም የለ፣ ጎረቤትም የለ። ፀጉርም እንዲሁ ነው። ብርሃኑ ቆዳውን አልፎ ገብቶ የፀጉሩን ጥቁር ቀለም ሲያገኝ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ፀጉሩ እዚያው ሥሩ ውስጥ ይከስላል፤ ሙቀቱም የሚያበቅለውን ክፍል ያመክነዋል። ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የሚባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን በወግ አስቀመጡት፦ የምትመታውን በቀለሙ ምረጥ፤ ምትህም ሙቀቱ ወደ ጎረቤት ሳይዛመት የሚያልቅ ይሁን።

የእኛ ጣጣ ጎረቤቱም ጥቁር መሆኑ ነው። ፀጉሩን ያጠቆረው ሜላኒን ቆዳችንንም አጥቁሮታል። ብርሃኑ ከላይ ሲገባ የመጀመሪያውን ጥቁር ነገር አግኝቶ "ደርሻለሁ" ብሎ ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። ቆዳው ይቃጠላል፤ ውኃ ይቋጥራል፤ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ምልክት ይተዋል። የልጅቱ ዕቃ እምቢ ያለው ለዚህ ነው፤ ተረግሞ ሳይሆን ተመክሮ። 1064 ግን ለጥቁር ነገር ያለው ስስት ያነሰ ነው። ደጃፍ ላይ ያለውን ቀለም ሰላም ብሎ አልፎ ጠልቆ ይገባል፤ ረዘም ያለ ምትና ማቀዝቀዣ ሲታከልበት ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ከሁሉም ይሻላል የሚባለው እሱ ነው። ለስስ ፀጉር ግን ሰነፍ ነው። አይ ፒ ኤልም በቦታው ሲሆን ውሸታም አይደለም፤ ቆዳው ነጭ፣ ፀጉሩ ጥቁር ለሆነ ሰው ያገለግላል፤ ፊት ላይ ለሚቀላ የደም ሥርም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ያው ለእኛ አልተሰፋም።

የቆዳ ቀለም የሚመደብበት የሐኪሞች ሠንጠረዥም የሚገርም ነው። ፊትዝፓትሪክ የተባለ የሃርቫርድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያወጣው ለነጮች ቆዳ ብቻ ነበር፤ አራት መደብ። አምስተኛውና ስድስተኛው በኋላ የተጨመሩ ናቸው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ አልደነቃቸውም፤ "ዘግይቶ የመጣ እንግዳ በር ላይ ነው የሚቀመጠው" አሉ።

በኅዳር ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ስንሄድ ልጅቱን ይዤ በሌዘር ፀጉር ወደሚያነሱ ክሊኒኮች ስልክ መደወል ጀመርኩ። ጥያቄዬ አንድ ነበር። "የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው?"

አንደኛዋ "የመጨረሻው ሞዴል ነው" አለችኝ። ሁለተኛው "የጀርመን ነው፣ አይጠራጠሩ" አለ። ሦስተኛዋ አሰብ አድርጋ "ሙሉ እግር ነው ወይስ ግማሽ?" ስትል ርዝመት ያልኳት የእግር መስሏት እንደሆነ ገባኝ። አራተኛው ጋ ግን አንዲት ነርስ ስልኩን ተቀብላ "ያግ ነው፤ 1064። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረን፣ ቆዳው እንዴት እንደሆነ አይተን ነው የምንቀጥለው" አለች። ተነስተን ሄድን።

ነርሷ ልጅቱን ብዙ ጠየቀቻት፤ የምትወስደው መድኃኒት፣ ፀሐይ፣ ጠባሳ፣ የወር አበባዋ ይዛባ እንደሆነ። ፀጉር ድንገት ፊት ላይ ከበዛ ነገሩ ከሆርሞን ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚታየው በሐኪም ነው፣ በብርሃን አይደለም። ከዚያ መርዶው መጣ። ከስድስት ጊዜ ያላነሰ መመላለስ ያስፈልጋል፤ በየመካከሉም ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት። ፀጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ አይበቅልማ፤ ገሚሱ ሲያድግ ገሚሱ ተኝቷል፤ ሌዘሩም የተኛውን አይቀሰቅስም። ልጅቱ በጣቷ ቆጠረች። ሠርጉ ለጥር፣ ፀጉሩ ለሰኔ! ደግሞ እስከዚያ በሰምም፣ በክርም፣ በወረንጦም መንቀል ክልክል ነው፤ ከተነቀለ ጨረሩ የሚይዘው ጥቁር ነገር አያገኝም። መላጨት ብቻ ነው የተፈቀደው። ሰምና ወርቅ ሆነብን፤ ሰሙ ለእኛ ተከለከለ፣ ወርቁ እነሱ ጋ ቀረ። ሙሽራዋ በጥር የተዳረችው በሁለት ዙር ሌዘርና በአንድ ፓኬት ምላጭ መሆኑን እዚሁ ልናገርና ልገላገል።

"ከዚያ በኋላስ ለዘላለም ይጠፋል?" አልኳት። ሳቀች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እንኳ ለሌዘር የፈቀደው "ለዘለቄታው ይቀንሳል" የሚለውን ቃል ነው፤ "ለዘለቄታው ያጠፋል" አላለም።

የሁላችንም ዐይን በጥቁር መነጽር ተሸፈነ። እኔ በጠቋሚ ቀይ ነጥብ ብቻ የምትመራ ጨረር አየሁ፤ ማለትም ጨረሩን አላየሁም። 1064 ለሰው ዐይን አይታይም። ብልጭታው ድመት ያስደነገጠው የእኛ ዕቃ ሲሆን፣ የሚሠራው ግን ሳይታይ ገብቶ ሳይታይ ይወጣል። ዐይን የማያየውን አይሸሽም፤ መነጽሩም ለዚሁ ነው። ጠብ ጠብ ሲል ክፍሉን አንድ ሽታ ሞላው፤ የተለበለበ ፀጉር ሽታ። በአጎቴ ሕግ አልፏል! (አይ ፒ ኤልም ፀጉር ካገኘ እንደዚያው ይሸታል፤ ይህን ለአጎቴ አልነገርኳቸውም።)

ነርሷ ከልጅቱ ጨርሳ ወደ እኔ ዞረችና አገጬን አየችው። "እርስዎስ እናቴ?" አለች። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ "እናቴ" የሚለውን ይቅር ብያታለሁ። አገጬ ላይ ሦስት ፀጉሮች አሉ፤ አሥር ዓመት አብረን ኖረናል። በማጉያ መስታወት ብታያቸው ሁለቱ ሸብተዋል። "ሽበትን የትኛውም ሌዘር አያየውም" አለች፤ "ጥቁሯን ለሙከራ እመታልዎታለሁ። ለነጮቹ መርፌ ነው።" አምባላዩን ይወዳል ያሉት አጎቴ እዚህ ላይ ተሳስተዋል፤ ቆዳው አምባላይ ሲሆን ደስ ይለዋል፣ ፀጉሩ አምባላይ ሲሆን ግን ዕውር ነው።

መርፌ ያለችው ኤሌክትሮሊሲስ የሚባለውን ነው። ቀጭን መርፌ በእያንዳንዱ የፀጉር ቀዳዳ ይገባና በኤሌክትሪክ ሥሩን ያደርቀዋል። ቀለም አይመርጥም፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ ለእሱ አንድ ነው፤ "ለዘለቄታው ያጠፋል" እንዲባልለት የተፈቀደውም እሱ ነው። አዝጋሚነቱ ግን ሽንብራ መልቀም ነው። የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1875 ቻርልስ ሚሼል የተባለ አሜሪካዊ የዐይን ሐኪም ነው። የዐይን ሐኪም ከአገጭ ምን አለው? ብላችሁ እንደሆነ፣ ሰውየው ያሰበው አገጭ አልነበረም። ወደ ውስጥ እየታጠፈ የዐይንን ብሌን የሚቧጭረውን የሽፋሽፍት ፀጉር ነበር።

ይህን ሳነብ አያቴ ታወሰችኝ። አያቴ ከማተቧ ጋር ወረንጦ አስራ ትዞር ነበር። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እኔን ትጠራኝና ዐይኗን ገልጣ "አየሽው?" ትለኛለች። እኔ ጣቴን እቀስራለሁ፤ እሷ ትነቅለዋለች፤ ከሳምንት በኋላ አጥሮና ሾሎ ተመልሶ ይወጣል። ትራኮማ ነበር። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዛሬ የሠለጠኑ ነርሶች በየጤና ጣቢያው የታጠፈውን የዐይን ቆብ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይመልሱታል። አያቴ ያንን አላገኘችውም። ያኔ ለእሷ ዓይነት ዐይን ብሎ ሚሼል የጀመረው መርፌ፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ለእኔ የአገጭ ሽበት ታዘዘልኝ። ወረንጦዋ እኔ ዘንድ አለች። ነጮቹን አሁንም በእሷ ነው የምነቅላቸው።

እንጅባራ ስንመለስ አጎቴ ቡናው ሳይቀርብ አገጬን ወደ ብርሃን አዙረው መረመሩኝ።

"እና ኦርጅናል ሆኖ ተገኘ?"

"አዎ አጎቴ፤ 1064 ነው።"

ዝም አሉ። "ሺ ስድሳ አራት? ለስንት ፀጉር?"

"ለአንድ።"

"ወይ አንቺ ልጅ! ስምንት መቶ አሥር ብለሽ አትጨርሻቸውም ነበር?"

"ስምንት መቶ አሥሩም አለ አጎቴ። እሱ ዳዮድ ነው።"

አጎቴ በድል አድራጊነት ወደ ልጅቱ ዞሩ። "አየሽ? ሲከራከሯቸው ይቀንሳሉ።"